የላንድሮቨሩ ቆጣሪና የይፋት መንገድ



የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ አካባቢያችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ብሎ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ ይፋት ሡልጣኖች ወይም ስለ አርበኞች እንድጽፍ የተጠበቀ ይመስለኛል። እነዚያን የሚጽፍ የተማረ ሰው አይጠፋም። የኔ ትምህርት እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ ዕድሜዬንም የፈጀሁት በጽሕፈት ሥራ፣ ያውም አብዛኛውን በመኪና ስምሪት መዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልጽፍ ነው። ይኸውም መኪና ስንት ኪሎሜትር እንደ ሄደ የሚናገረውን፣ የድሮ ሾፌሮች በጣልያንኛው ኮንታ ኪሎሜትር የሚሉትን ክብ ዕቃና እሱ በእኛ መንገድ ላይ ያመጣውን ጉድ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የሰፈራችን አንድ ወጣት መካኒክ ነው። ከጨረታ የገዛውን አሮጌ ላንድሮቨር ለሠርግ አሳምሬ አከራየዋለሁ ብሎ ሲደክም ከረመ። ቆጣሪው አልሠራ ስላለው ያገለገለ ሌላ አስመጣ። አንድ ቀን ማታ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣና፣ «አባባ፣ እርስዎ የድሮ ነገር ያውቃሉ። ይኼ ቆጣሪ በማይል ነው፣ ኪሎሜትር አይደለም፤ ልመልሰው ይሆን?» አለኝ። ተቀብዬ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ጥቁር ሰሌዳ፣ ነጭ ቁጥሮች፣ ከታች በደቃቅ ፊደል ኤም.ፒ.ኤች. የሚል የእንግሊዝ ጽሑፍ አለበት። እጄ ተንቀጠቀጠ ብላችሁ አትመኑኝ ይሆናል፤ ግን ተንቀጠቀጠ። ልጁ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ አወቀው። እኔ ያንኑ የመሰለ ዕቃ ለማወቅ አራት ወር ፈጅቶብኛል፤ የሌላ ሰው ስምም ጠፍቶበታል። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን መንገዱን ከመጀመሪያው ልያዝ።

አያቶቻችን መንገድ የሚቆጥሩት በቀን ነበር። «የሁለት ቀን መንገድ ነው»፣ «ማልዶ የተነሣ ማታ ይገባል» ይባላል፤ በቃ። በዚሁ በእኛ ቆላ በኩል ግመል አሞሌና ቡና ተጭኖ ሲመላለስ፣ ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ ገበያው ሲደራ፣ ነጋዴው የሚያውቀው የሰፈራውን ብዛት እንጂ ሌላ ልክ አልነበረም። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ሲወጣም የተጓዘው እንደዚሁ በግመል፣ ከውሃ እስከ ውሃ እየሰፈረ ነው። በቀን የሚቆጠር መንገድ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ሰው አያጣላም። ቢዘገይ ግመሉ ደከመ፣ ወንዙ ሞላ ይባላል።

በሌላው ዓለም ደግሞ መንገድን በመንኰራኵር ለመቁጠር ማሰብ የተጀመረው ከጥንት ነው። ከክርስቶስ ልደት ጥቂት ቀደም ብሎ የነበረ ቪትሩቪየስ የሚባል ሮማዊ መሐንዲስ አንድ ጋሪ በመጽሐፉ ገልጿል። የጋሪው መንኰራኵር 400 ጊዜ ዞሮ አንድ ማይል ሲሞላ አንድ ጠጠር ከላይ ወደ ሣጥን ይወድቃል። ማታ ጠጠሩን መቁጠር ነው። ማይል የሚለው ቃልም በሮማውያን ቋንቋ ሺህ ማለት ነው፤ የወታደር ሺህ እርምጃ፣ ግራና ቀኝ እግር እንደ አንድ ተቆጥሮ። እንግሊዞች ቃሉን ወስደው ልኩን አሳደጉት፤ የእነሱ ማይል 1,609 ሜትር ይሆናል። ኪሎሜትር ግን ፈረንሳዮች ከአብዮታቸው በኋላ ያወጡት ነው፤ ልኩ 1,000 ሜትር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይህችን የ609 ሜትር ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

የመኪናን ፍጥነት በመርፌ የሚያሳየውን ዕቃ በተመለከተ፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ኦቶ ሹልዝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ነው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በመኪና ሁሉ ላይ የኖረው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከካምቢዮው አጠገብ የምትዞር ትንሽ ጥርስ አለች። እሷ ካቦ የሚባለውን የሽቦ ገመድ ታዞራለች። ካቦው በሽፋኑ ውስጥ እየዞረ እስከ ዳሽቦርዱ ይደርሳል። እዚያ አንድ ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቱን እንደ ሲኒ የከበበው የአሉሚኒየም ቆብ አለ። አይነካኩም። ነገር ግን ማግኔቱ በዞረ ቍጥር ቆቡን አብሮ ሊጎትተው ይፈልጋል፤ እንደ እጅ ሰዓት ጸጉር ያለች ቀጭን ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ትይዘዋለች። መርፌው በሁለቱ ትግል መካከል ይቆማል። መኪናው ሲፈጥን ማግኔቱ ያይላል፣ ሲዘገይ ሞላዋ ታሸንፋለች። ከዚያው ዘንግ ላይ ሌሎች ትናንሽ ጥርሶች ቁጥር የተጻፈባቸውን መንኰራኵሮች ቀስ አድርገው ያዞራሉ። ይኼኛው ነው የሄደውን መንገድ የሚቆጥረው። እንግዲህ አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ በውስጡ ሁለት ሠራተኛ አለ ማለት ነው፤ አንዱ የአሁኑን ይናገራል፣ ሌላው ያለፈውን ይመዘግባል። እንደኔ ያለ ጸሐፊ የሚቀርበው ከሁለተኛው ጋር ነው።

ወደ አገራችን የመጀመሪያው መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ የመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው ይዞት የመጣው። ወደ እኛ ቆላ መኪና በብዛት የገባው ግን ለክፉ ነገር ነበር። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ከአንድ ሺህ በላይ መኪና አሰልፎ ያለፈው በዚሁ በይፋት በኩል ነው። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶበት መቆሙን፣ ወታደሩም ድንጋይ እየተሸከመ መጠገኑን ሽማግሎች ያወሩ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት መንገዱን በድንጋይ አነጠፈው፤ በጣርማ በርም ሥር ከግማሽ ኪሎሜትር የሚበልጠውን ዋሻ በረበረው። ስንት ሰው ጉልበቱን፣ ስንቱም ሕይወቱን እንደ ገበረበት የሚናገር ሐውልት አላየሁም። እስከ ዛሬ መኪና የሚያልፍበት ነው።

ጣልያን ሲወጣ መንገዱንና ቃላቱን ትቶ ሄደ። መኪና ራሱ የነሱ ቃል ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፤ ይህን ሁሉ አንድ የሸዋ ሮቢት ሾፌር ሲናገር ጣልያንኛ እያወራ መሆኑን አያውቀውም። ኪሎሜትርን ከመንገዳችን ዳር ያቆሙትም እነሱ ናቸው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130፣ ሸዋ ሮቢት 225፣ ደሴ 400 የሚለውን ልጅ ሆነን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃል እናውቀው ነበር። የጭነት መኪና ረዳት መሆን የሁላችን ምኞት ስለነበር ነው። አባቴ ደግሞ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት በካራቆሬና በማጀቴ በኩል የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያወሩ፣ ማጀቴ ከተማ መፍረሷን ካነሡ በኋላ ሁልጊዜ የሚጨምሩት «መንገዱም ተሰነጠቀ» የሚለውን ነበር። መንገድ በእኛ አገር እንደ ቤተሰብ ይቆጠራል።

እንግሊዞች የመጡት በ1933 ዓ.ም. ነው። የእነሱ አገር የሚለካው በማይል ነው። በ1940 ዓ.ም. ላንድሮቨርን መሥራት ሲጀምሩ ለአገራቸውና በጊዜው በአገዛዛቸው ሥር ለነበሩት አገሮች የማይል ቆጣሪ፣ ለሌላው ደግሞ የኪሎሜትር ቆጣሪ ይገጥሙለት ነበር። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ መንታ ናቸው። ብሎኑ አንድ፣ ካቦው አንድ፣ ስፋታቸውም አንድ። የሚለዩት በሰሌዳው ላይ ባሉት ደቃቅ ፊደሎች ብቻ ነው። በዚያ ዘመን መኪና ከየአቅጣጫው ይመጣ ስለነበረ መደበላለቅ የተለመደ ነው። እኛ ራሳችን እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ በኩል ስንነዳ ኖረን በዚያን ቀን ወደ ቀኝ የዞርን ሕዝብ ነን እኮ። ልጅ ብሆንም «ከነገ ወዲያ በቀኝ ነው» እየተባለ ሲለፈፍ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ እመጣለሁ። መሥሪያ ቤቱን በስም አልጠራም፤ ሰዎቹንም እንዲሁ። አንዳንዶቹ አልፈዋል፣ በሕይወት ያሉትም አርጅተዋል።

ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድርቁ ከወሎ እስከ ይፋት የደረሰበት፣ በመንገዳችን ላይ ቀንና ሌሊት የእህል መኪና የሚተራመስበት ጊዜ ነው። ቤንዚን በኩፖን ነበር። አንድ ሊትር የጎደለበት ሠራተኛ የአብዮቱ ሌባ ተብሎ በስብሰባ መካከል ይነሣ ነበር። እኔ የ27 ዓመት ወጣት፣ ተላላኪ ሆኜ ገብቼ ወደ ስምሪት ጸሐፊነት ካደግሁ ዓመት ያልሞላኝ፣ አዲስ አባትም ነበርኩ። በእጄ ያለው አንድ ላንድሮቨር መኪና ነው። ሾፌሩ በዕድሜ ከአባቴ ጥቂት የሚያንሱ፣ ገና በንጉሡ ዘመን በጭነት መኪና የጀመሩ፣ ከደሴ እስከ አሰብ የማያውቁት ኩርባ የሌለ ሰው ነበሩ። የዚሁ የእኛ ዕድር አባል ነበሩ።

በጥር ወር ቆጣሪው ቆመ። መርፌውም ቁጥሩም በአንድ ቀን ጸጥ አሉ። ዛሬ ይህን የሚሰማ መካኒክ ምን እንደ ሆነ ከመቀመጫው ሳይነሣ ይነግራችኋል። ሁለቱ ባንድነት ከቆሙ የተበጠሰው ካቦው ነው፤ አለዚያም ከታች ያለችው ጥርስ ናት። ቁጥሩ እየዞረ መርፌው ብቻ ቢሞት፣ ወይም መርፌው እየሠራ ቁጥሩ ቢቆም ነው ጥፋቱ የራሱ የቆጣሪው። መርፌው እንደ ዶሮ ራስ ከወዲያ ወዲህ ካለ ደግሞ ካቦው ደርቋል ወይም ተጣሟል። የላንድሮቨር ካቦ ከካምቢዮው ኋላ ተነሥቶ የሚያልፈው ከጭቃና ከአቧራ ጋር ነው፤ በጀውሃና በሰንበቴ አቧራ፣ በቆላው ሙቀት ቅባቱ ደርቆ ቢበጠስ የሚገርም አይደለም። በቮልስ ላይ እንኳ፣ ካቦው ከግራ የፊት ጎማ መካከል ተነሥቶ አጭር መንገድ ሄዶ ይበጠሳል።

ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። «ቆጣሪ ተበላሽቷል፣ ይገዛልን» ብዬ ጻፍኩ። ከአዲስ አበባ ያገለገለ ቆጣሪ ከአዲስ ካቦ ጋር ተገዝቶ መጣ፤ በሞዴል 19 ገቢ ሆነ፣ በሞዴል 22 ወጣ። ሁለቱም ባንድነት ተገጠሙና ሠራ። በሠራ ጊዜ ሁላችንም ተበላሽቶ የነበረው ቆጣሪው ነው አልን። አሮጌው ግምጃ ቤት ተጣለ። ለካስ ደህናው እሱ ኖሯል።

አዲሱ ሰሌዳ ላይ ኤም.ፒ.ኤች. የሚለውን ጽሑፍ አይቼዋለሁ፤ አላየሁም አልልም። የፋብሪካው ስም መስሎኝ ነው።

የካቲት ሲያልቅ ሂሳቡን ሠራሁ። ቆጣሪው በወሩ መጀመሪያ 31,040፣ በመጨረሻ 31,351። ልዩነቱ 311። የወጣው ቤንዚን 100 ሊትር። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ በሊትር 5 ኪሎሜትር ነው። ለ311 ኪሎሜትር የሚገባው 62 ሊትር ብቻ ነው። 38 ሊትር የት ሄደ?

ጠራኋቸው። «ጋሼ፣ ሂሳቡ አልገጠመም» አልኳቸው። ወረቀቱን አዩት። «ልጄ፣ ዕቃው ነው የሚዋሸው። እኔ ስድሳ እየሄድኩ እሱ አርባ አይሞላም ይላል። ጆሮዬ እኮ ሞተሩን ያውቀዋል» አሉኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ጋሼ፣ ማሽን አይዋሽም» ብዬ መለስኩላቸው። በስብሰባ የተማርኩት አነጋገር ነው።

መጋቢትም እንዲሁ ሆነ። ከደመወዛቸው ተቆረጠ። በሚያዝያ ኃላፊው ባሉበት ተጠሩ። «ወላሂ፣ አንድ ጠብታ አልነካሁም» አሉና ወደኔ ዘወር ብለው፣ «ድንጋዮቹ አስፋልቱ ዳር ቆመዋል፤ ከኔ ጋር ሰንበቴ ድረስ ተቀመጥና ቁጠራቸው» አሉኝ። ሁለት ሰዓት የማይፈጅ ነገር ነበር። ሥራ አለብኝ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሌባ ጋር መኪና ላይ ታየ እንዳልባል ነው የፈራሁት።

በግንቦት የሩብ ዓመቱን ወረቀት ይዤ ደብረ ብርሃን እንድሄድ ታዘዝኩ፤ የሚወስዱኝም እሳቸው ሆኑ። ከሸዋ ሮቢት ስንነሣ ቆጣሪው 31,998 ነበር፤ ስምሪቱ ላይ መዘገብኩት። መንገዱን ታውቁታላችሁ። 1,300 ሜትር ገደማ ከሆነው ቆላችን ተነሥቶ ሃምሳ ኪሎሜትር በማይሞላ ጉዞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ደብረ ሲናን አልፈን ዋሻው ስንደርስ ብርድ ልብስ ያምራል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ብርሃን አንድ ቃል አልተናገሩኝም። እኔም በመስኮት ድንጋዮቹን ከማየት በቀር መሄጃ አልነበረኝም። 220፣ 210፣ 200 እያለ ቁጥሩ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ወደ ዳሽቦርዱ ጎንበስ ብዬ አየሁ። 32,057። በእጄ ላይ ቀነስኩ። 59። ከ225 ላይ 130 ሲነሣ 95 ነው። ልጅ ሆኜ በቃሌ የማውቀው ሂሳብ።

ጋራዥ ቆምን። ነጭ ጸጉር ያበቀሉ አንድ መካኒክ በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው አዩና፣ «ይኼ እኮ ማይል ነው። የእንግሊዝ ነው። በአንድ ከስድሳ አባዛው» አሉኝ፤ ሊስቁም ቃጥቷቸው ነበር። አባዛሁት። 59 ማይል 95 ኪሎሜትር ሆነ። ሾፌራችን መሪውን ይዘው ወደ ፊት ይመለከታሉ። «ጋሼ…» አልኩ። «ቤንዚን እንሙላና እንሂድ፤ ጨለማ ሳይዘን ዋሻውን እንለፍ» አሉኝ። በቃ ይኸው ነበር ንግግራችን።

እንደ ተመለስኩ ለኃላፊው በቃል አስረዳሁ። ያደመጡኝ በደንብ ነው። ከዚያም የሦስቱ ወር ሂሳብ ለበላይ መተላለፉን፣ ተሳስተናል ብንል መጀመሪያ የሚጠየቀው የፈረመው ጸሐፊ መሆኑን፣ ቀጥሎም ዕቃውን የገዛው መሆኑን ነገሩኝ። «አስብበት» አሉኝ። አሰብኩበት። ልጄ የስድስት ወር ነበር። ደብዳቤውን ሳልጽፍ ቀረሁ። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ከግንቦት ጀምሮ በዝምታ ማባዛት ነው። በመዝገቡ ጥግ «በ1.609» ብዬ በእርሳስ እየጻፍኩ ሂሳቡን አስተካከልኩት። ቤንዚኑ መጥፋቱን አቆመ። ሰዉ ምን አለ? «ሾፌሩ ሲቀጣ ታረመ» አለ። እንዲህ ያለ ነገር ነው የሠራሁት።

በዓመቱ ከመኪናው አንሥተው በር ጠባቂ አደረጓቸው። የዋሻውን ኩርባ በጨለማ የሚያውቁ ሰው በር ላይ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። ስናልፍ ሰላም ይሉኛል። በ1991 ዓ.ም. ሲያርፉ እኔ የዕድሩን መዝገብ ከሚይዙት አንዱ ነበርኩ። በዚያው ቀን ተቀበሩ፤ ድንኳኑን ከተከሉት ውስጥ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ታላቅየው ልጃቸው ከድንኳኑ ጥግ ጠርቶኝ፣ «እርስዎ ቢሮ አብረው ነበሩ። በቤንዚን ነው ከሾፌርነት የተነሡት የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሰው ብዙ ያወራል» አልኩት። ልጅየው አመስግኖኝ ሄደ። ያ መልስ አንድ ሌሊት ሙሉ አላስተኛኝም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን።

የዚያን ዘመን መዝገብ አሁን ከየት ይገኛል የሚለኝ ይኖራል። ቁጥሮቹን ያኔውኑ በግሌ ደብተር ገልብጬአቸዋለሁ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን በደረሰ ጊዜ እንደ ሁላችሁ ቤቴን ዘግቼ ወጣሁ። ስመለስ ቴሌቪዥኑም ፍራሹም የለም፤ ደብተሩ ግን ግቢ ውስጥ ተጥሎ አገኘሁት። ደብተር ማን ይወስዳል።

ወጣቱ መካኒክ ያን ምሽት ምን እንዳደርግ ሲጠይቀኝ የማውቀውን ነገርኩት፤ አሮጌ መኪና ያላችሁም ብትሰሙት አይጎዳም። ቆጣሪ ከመግዛትህ በፊት ካቦውን ከሁለቱም ጫፍ ፍታ፤ ባንዱ ጫፍ በጣትህ አዙረህ በሌላው ጫፍ መዞሩን እይ። ካልዞረ ቆጣሪህን አትንካው። አዲስ ካቦ ስታስገባ ግራሶ ቀባው፤ ወደ ዳሽቦርዱ የሚገባውን አንድ ስንዝር ያህል ግን ሳትቀባ ተወው፤ አለዚያ ቅባቱ እየወጣ ቆጣሪውን ይበክለዋል። ካቦውን አጥፈህ አታሳልፈው፣ በሰፊው ይዙር። የግድ ቆጣሪ መለወጥ ካለብህ የሰሌዳውን ጽሑፍ አንብብ፤ በሰሌዳው ግርጌ ያለችውን ደቃቅ ቁጥርም ከአሮጌው ጋር አመሳክር፤ ካቦው ስንት ዞሮ አንድ ልክ እንደሚሞላ የምትናገር እሷ ናት። ከመኪናው ልክ የሚበልጥ ጎማ ከገጠምክም ቆጣሪው እንደሚያሳንስ እወቅ። አሮጌው ሲነቀል የነበረበትን ቁጥር ከነቀኑ ጻፍ፤ አዲሱ የጀመረበትንም። ልጁ ካቦውን ሲፈታው እንዳልኩት ሆኖ ተገኘ፤ ከመሐል ተበጥሷል። የማይሉን ቆጣሪ ለሸጠለት መለሰ። መኪናው አሁን የራሱን አሮጌ ኪሎሜትር ይቆጥራል፤ ባለፈው ጥር ሁለት ሙሽራ ተሸክሟል።

የሾፌራችን ልጆች ሁለቱ የዚህ ዕድር አባል ናቸው፤ መጽሔቱም እንደ ሁላችሁ በየቤታቸው ይደርሳል። ይህን ጽሑፍ ለኮሚቴው ከመስጠቴ በፊት ታላቅየው ቤት ሄጄ ደብተሩን ከፍቼ አሳይቼዋለሁ። ብዙ አልተናገረም። ቡና አስፈላልኝ፤ ከዚያም «አሁን ያሉኝን በዕድሩ መጽሔት ላይ ያውጡት፤ ስማቸው የጠፋው በሰው ፊት ነውና» አለኝ። ስለዚህ ከአርባ ዓመት በፊት ማቅረብ የነበረብኝን ሂሳብ ዛሬ በእናንተ ፊት አቀርባለሁ።

የካቲት 1977፤ ቆጣሪው 311 ማይል፣ ማለት 500 ኪሎሜትር፤ በደንቡ የሚገባው ቤንዚን 100 ሊትር፣ የወጣው 100 ሊትር። መጋቢት 1977፤ 318 ማይል፣ ማለት 512 ኪሎሜትር ያህል፤ የሚገባው 102 ሊትር፣ የወጣው 102 ሊትር። ሚያዝያ 1977፤ 321 ማይል፣ ማለት 516 ኪሎሜትር ተኩል፤ የሚገባው 103 ሊትር፣ የወጣው 103 ሊትር። በሦስቱ ወር ጎደለ ተብሎ ከሾፌሩ ደመወዝ የተቆረጠው የ115 ሊትር ዋጋ ነው።

የጎደለ ቤንዚን የለም።